እሜቴ ያልተቀበለችው ጣት

ሥራዬ ሰው ማየት ነበር። ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የክር ፋብሪካ በር ላይ ቆሜ፣ የሚገባውን ሠራተኛ እያየሁ መጣ፣ ቀረ፣ አረፈደ እያልኩ እመዘግባለሁ። አባቴ ደሴ ፒያሳ ላይ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ነጋዴ ነው፤ «ዲግሪ አስይዤሽ ዘበኛ ሆነሽ ቀረሽ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ይቀልድ። እኔ ሥራዬን እወደው ነበር። በየማለዳው ለደሴ ብርድ ሁለት ሹራብ ደርቤ እነሳና፣ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ አንዱን፣ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሌላውን አውልቄ በሩ ላይ እቆማለሁ። ማን እንዳመመው፣ ማን ከባሏ ተጣልታ እንደመጣች፣ ማን የታመመ ልጅ ትታ እንደመጣች ከፊታቸው ላይ አየዋለሁ። እኔ ያየሁት ሰው መጥቷል፣ ያላየሁት አልመጣም። ነገሩ ይኸው ነበር።

ከሁሉም ቀድማ የምትደርሰው እታለም ናት። ስሟ ሌላ ነው፤ ግን በዕድሜ እናታችን ስለሆነች «አንቱ» ስንላት ትቆጣለች። «ምኔ ተርፎ ነው አንቱ የምባለው፣ እታለም በሉኝ» አለችን፤ በዚያው ቀረ። ከሐርቡ በላይ ካለ ገጠር የመጣች ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ፈተላ ክፍል ውስጥ የሚበጠሰውን ክር በጣቷ እየቀጠለች ልጆቿን አሳድጋለች። ጡረታዋ ቀርቦ ነበር። ጡረታ ስትወጣ ሐርቡ ተመልሳ፣ ልጇ ቤት አጠገብ አንዲት ክፍል ሠርታ ልትቀመጥ ነው። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ የለም፤ በር ላይ ለቆመ ሁሉ ታወራዋለችና።

«አሰላሙ አለይኪ ልጄ! ሹራብሽን አውልቂያ፣ እዚህ ደሴ መሰለሽ?»

ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የምትለኝ።

ከዚያ አዲስ አስተዳደር መጣ፤ ከአዲሱ አስተዳደር ጋር ደግሞ የጣት አሻራ ማሽን መጣ። እውነቱን ልናገር፣ ያለምክንያት አልመጣም። በሌላው ፈረቃ በር ላይ ይቆም የነበረው ሰው ቤቱ የተኛውን የአጎቱን ልጅ «መጣ» እያለ ሲመዘግብ ከርሟል። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ሰው ሲያናግር አንገቱን ዝቅ የሚያደርግ ጨዋ ልጅ ነው። ሰብስቦን «ከእንግዲህ ማንም በማንም ላይ አያመካኝም፤ ጣታችሁ ይመሰክራል» አለን። አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ማሽኗ ግድግዳው ላይ የተሰቀለች ትንሽ ጥቁር ሳጥን ናት። ጣት ሲያስቀምጡባት አረንጓዴ ታበራና በእንግሊዝኛ ታመሰግናለች፤ ካልተስማማት ቀይ ታበራና «እንደገና» ትላለች። ሠራተኛው በሁለተኛው ቀን ስም አወጣላት፤ እሜቴ። ሳይሰግዱላት የማይገባባት እመቤት ስለሆነች ነው። «እሜቴ ተቀበለችሽ?» የጠዋት ሰላምታ ሆነ። የእኔም ሥራ ከእሜቴ ጎን ቆሞ መስታወቷን በጨርቅ መወልወልና ጣት ማስተካከል ሆነ። ድሮ ፊት አይ ነበር፤ አሁን ጣት ማየት ጀመርኩ።

የእታለም ጣት ከመጀመሪያውም ለእሜቴ አልተመቻትም። ክሩ ለዓመታት ስለፈተገው የአሻራው መስመር ሊጠፋ ደርሷል። ደጋግማ ስትሞክር፣ እኔም ጣቷን ጠበቅ አድርጌ ስይዝላት፣ በመጨረሻ አረንጓዴው ይበራል። ከኋላ የተሰለፉት ይስቃሉ፣ እሷም ትስቃለች። «ቀን ይወጣልኛል» ትላለች።

በመሃል ልጇን ዳረች። የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ሐርቡ ወረደች፤ እኛም ከፋብሪካው ተሰባስበን ሄድን። የሂናው ምሽት ላይ ሴቶቹ ያዟት። «ወላሂ ተዉኝ፣ እኔ አሮጊቷ ምን ልሆን ነው?» እያለች ትታገላለች፤ ግን ደስ ብሏት እንደነበር ከፊቷ ያስታውቃል። የሙሽራ እናት ሂና ባልነካው እጇ ልጇን ትሸኛለች እንዴ? ሂናው ጥቁር እንዲሆን የጸጉር ቀለም ጨምረው አቦኩት፤ የአሥሩንም ጣቶቿን ጫፍ እስከ አንጓው ነከሩላት። እጆቿን በፌስታል ያሰርኩላት እኔ ነኝ። ታስራ ስለነበር እራቷንም ያጎረስኳት እኔ ነኝ። «የጌታ ሚስት አደረጋችሁኝ» አለች አፏን ሞልታ። ጣቷ ላይ ምን እየተደረገ እንደሆነ ከእኛ መሃል ያሰበ አልነበረም። ለሠርግ ሂና የሚቀባ ሰው ስለ ማሽን ምን ብሎ ያስባል?

ከፈቃድ በተመለሰችበት ጠዋት እሜቴ ቀይ አበራች። ሌላ ጣት፣ ቀይ። ሌላው እጅ፣ ቀይ። አሥሩም ጣቶቿ ጫፋቸው እንደ ከሰል ጠቁሯል። ሰልፉ ከኋላ ረዘመ፣ ፈረቃው ሊጀመር ነው።

«ግቢ እታለም፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» አልኳት።

ገባች፤ እንደ ሁልጊዜው ቀኑን ሙሉ ሠርታ ወጣች። እኔ ግን ላስተካክል ስቀመጥ ማስተካከያው ለኔ ዝግ ነው። ሰው በእጅ መመዝገብ የሚችለው አዲስ አበባ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት ብቻ ሆኗል፤ ማጭበርበር እንዳይኖር። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄድኩ። «ቀለሙ እስኪለቅ እኮ ነው፤ እኔ አሳውቃቸዋለሁ» አለኝ። አሳወቃቸውም፤ ሲጽፍ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። መልስ አልመጣም። በስልክ ያገኘነው የማሽኑ ባለሙያ ግን መልሱ አጭር ነበር፤ «ቀለሙን ታስለቅቅ»። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር እታለም አጠገቤ ቆማ ሰምታዋለች።

«እሺ ልጄ» አለችው ለስልኩ።

ሂና ቆዳው ራሱ ካልተለወጠ በቀር እንደማይለቅ ወሎ ውስጥ ሕፃን ልጅም ያውቃል። እሷም ታውቃለች። ግን የታዘዘችው በፋብሪካው ስም ነው፤ እታለም ደግሞ የፋብሪካውን ትእዛዝ እምቢ ብላ አታውቅም። በማግስቱ እጆቿን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ መጣች። ፊቷ ላይ ያ ሥራውን የጨረሰ ሰው ኩራት አለ።

«ይኸው ለቀቀ» አለችኝ፤ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ።

በረኪና ውስጥ ነክራ፣ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈግፍጋዋለች። ጥቁሩ የለም። ከጥቁሩ ጋር ቆዳውም የለም። የጣቶቿ ጫፍ ቀልቶ ይረጥባል። «ምን አደረግሽ?!» ብዬ ጮህኩባት፤ ልቆጣ የሚገባኝ በሷ እንዳልነበር እያወቅሁ። «አብሽሪ፣ አብሽሪ፣ አያምም» እያለች እኔኑ ታጽናናኛለች። ከዚያ ያንን የቆሰለ ጣቷን እሜቴ ላይ አስቀመጠችው። ቀይ። መስታወቱ ላይ የቀረውን እርጥበት በጨርቄ ጠረግሁት። ያን ዕለት ማሽኗን ከግድግዳው ነቅዬ መሬት ላይ ብፈጠፍጣት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ደመወዝ የምበላ ሰው ነኝ፣ አላደረግሁትም።

ቁስሉ ዳነ። የዳነው ጣት ግን እንደ ሳሙና ለስላሳ ሆኖ ወጣ፤ አንዲት መስመር አይታይበትም። ቅባት ቀባናት፣ እጇን በሞቀ ውሃ አስነከርናት፣ መስታወቱን በአልኮል ወለወልን። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። እሷ ግን በየቀኑ ትመጣለች፤ ክሯን ትቀጥላለች፣ ላቧን ጠርጋ ትወጣለች። በየቀኑም ቀሪ ትባላለች። ደመወዟ ተቆረጠ። ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ማንም ሰው ሳይጽፈው ከኮምፒውተሩ ራሱ የወጣ ማስጠንቀቂያ። የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ያነበብኩላትም እኔ ነኝ።

«ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ ገበታሽ ስለቀረሽ» ይላል።

«አንቺ አይተሽኝ የለ?» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። የምሯን ነው የጠየቀችኝ።

ወረቀቱን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ፤ አላንኳኳሁም። «በየቀኑ አይቻታለሁ» አልኩት። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አንድ ቀን አልቀረችም።»

መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «አውቃለሁ። እኔም አይቻታለሁ» አለኝ። «ግን የኔና ያንቺ ማየት የሚገባበት ቦታ የለውም። ሁሉንም ሞክሬያለሁ፤ በካርድ ትግባ ብል፣ የካርዱን ማሽን አልገዛንም አሉኝ።» ድምፁ ውስጥ ተንኮል ብፈልግ አጣሁ። ተንኮል ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ከተንኮለኛ ሰው ጋር መጣላት ይቻላል።

እታለም ክሰሺ ሲሏት «ከማን ጋር? ከግድግዳ ጋር?» አለች። እሷ የምታውቀው መንገድ ሌላ ነው፤ ሽማግሌ ላከች። ከሐርቡ ሁለት አዛውንት፣ አንደኛው የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም፣ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበላቸው፤ እኔንም አስቀመጠኝ።

«ልጃችን፣ እህታችን አጥፍታ ከሆነ ካሣው ይቆረጥና እንክፈል» አሉ ታላቁ። «ክፉ ቃል ተናግራህም ከሆነ፣ በአላህ ይዘንሃል፣ አፉ በላት።»

«አባቶቼ፣ ምንም አላጠፋችም።»

«አስቀይማሃለች?»

«በፍጹም። ጎበዝ ሠራተኛ ናት።»

ሽማግሌው ወደ ጓደኛቸው ዞሩ። «አጃኢብ ነው» አሉ። እንደገና ወደሱ ዞረው፣ «የተቀየመው ማን ነው ታዲያ? እሱ ዘንድ እንሂድና እግሩ ላይ እንውደቅ።»

ሥራ አስኪያጁ ስለ ማሽኑ፣ ስለ ሲስተሙ፣ ስለ ዋናው መሥሪያ ቤት አስረዳቸው። እንደ አዋቂ ሰው አዳመጡት።

«አዲስ አበባም ቢሆን እንሄዳለን። ሰውየው የት ሠፈር ነው?»

«እዚያ ያሉትም እንደኔው ናቸው አባቴ። ፕሮግራሙን ከውጭ ገዝተውት ነው።»

ሽማግሌዎቹ ስንት የደም ነገር ያበረዱ፣ ስንት ባልና ሚስት ያስታረቁ ሰዎች ናቸው። ዕርቅ ግን በዳይ ይፈልጋል፤ ያላጠፋችን ሴት ካልተቀየመ ሰው ጋር የሚያስታርቅ ሽማግሌ የለም። በመጨረሻ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ለእታለም ብቻ አይደለም፤ ለሥራ አስኪያጁም «አላህ ከዚህ ነገር በሰላም ያውጣህ» አሉት። እሱም «አሚን» አለ፤ ከልቡ ነበር። ሃይማኖቱ ሌላ መሆኑን የማውቀው እኔ ነኝ።

የስንብት ደብዳቤው በሳምንቱ መጣ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ያን ሰሞን ስለኔ የተባለ ይመስለኝ ነበር። ስገባ ስወጣ ሰው «እታለምን ምን አደረጋችሁልን?» ይለኛል። ቤቴ ሄጄ ለአባቴ ስነግረው፣ ያ ሁሌ የሚቀልድብኝ ሰው «እኔ ሱቅ ውስጥ ቢሆን ኖሮ...» ብሎ ጀመረ። አልጨረሰውም። እሱም ገበያ ቀዝቅዞበት ሱቁን ለመዝጋት እያሰበ ነበር።

ክሊራንሷን የምትጨርስበት ቀን እታለም ለባብሳ መጣች። የልጇ ሠርግ ላይ ያየሁባትን ቀሚስ ነው የለበሰችው። በየቢሮው ይዣት ዞርኩ፤ የንብረት ክፍል፣ የሠራተኛ አስተዳደር፣ ሒሳብ ክፍል። ቱታዋን አጥባና አጣጥፋ መለሰች። ንብረት ክፍል ያለው ሰው አይቶት «ከአዲስ ይሻላል» አላት፤ ደስ አላት። መጨረሻ ላይ ገንዘብ ያዥዋ ዘንድ ደረስን። ደመወዟንና የሚገባትን ሁሉ ቆጥራ ሰጠቻትና ወረቀቱን ገፋ አደረገችላት።

«ይፈርሙ እማማ።»

«መፈረም አላውቅም ልጄ።»

«ችግር የለም፤ ጣትዎን ያድርጉ» አለችና ሰማያዊውን የቀለም ሰሌዳ ከፍታ አቀረበችላት።

እታለም አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ነክራ ወረቀቱ ላይ ተጫነች። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ድፍን ሰማያዊ ክብ ነው፤ አንድ መስመር የለበትም፤ የማንም ሰው ጣት ሊሆን ይችላል፣ የጠርሙስ ክዳንም ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ያዥዋ ማኅተሟን አጠገቡ መታችና ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ከተተችው።

«ጨርሰዋል። አላህ ይርዳዎት።»

እታለም ሰሌዳውን እያየች ቆመች። ዋጋው ጥቂት የሆነ፣ ጠርዙ የተፋቀ ተራ የቆርቆሮ ሰሌዳ ነው።

«ይኸ ተቀበለኝ» አለችኝ ቀስ ብላ። «በር ላይ ይኸን ብትሰቅሉት ምን ነበረበት?»

ከቦርሳዬ ሶፍት አውጥቼ ጣቷን ጠረግሁላት፤ ቀለሙ ወዲያው ለቀቀ።