ጫማ አውልቀን የወጣንበት አይሱዙ

ትናንት ቡራዩ፣ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ላይ አይሱዙ ቀለም ሲቀባ አየሁ። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው ግን ያለሁት ቡራዩ አልነበረም፤ የልጅነቴ ሱሉልታ ነበር።

ያኔ በገበያ ቀን አንድ አይሱዙ መጣ። ሰዓሊዎች ሥዕላቸውን ጭነው ከከተማ ከተማ የሚያሳዩበት ነው ተባለ። ቀድመን የደረስነው እኔና ጎረቤታችን እማማ ጫልቱ ነበርን። እማማ ለከብት መኖ የሚሆን ድርቆሽ በጀርባቸው ተሸክመው እየሸጡ የኖሩ ሴት ናቸው። ሥዕል የሚያውቁት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ስለሆነ መሰላሉ ሥር ጫማቸውን አወለቁ። እኔም አወለቅሁ። ዞር ስል ከኋላችን የተሰለፈው ገበያተኛ ሁሉ ጫማውን በእጁ ይዟል።

ውስጥ ገብተን ቀና ስንል፣ ፊት ለፊታችን ባለው ሥዕል ላይ አንዲት ሴት ከቁመቷ የሚበልጥ ድርቆሽ ተሸክማ ቆማለች። ድርቆሹ እንደ ወርቅ ያበራል። እማማ ሊሳለሟት ጎንበስ አሉ።

«እማማ፣ ቅድስት እኮ አይደለችም» አላቸው ከሥዕሉ አጠገብ የቆመ አንድ ወጣት ሰዓሊ ቀስ ብሎ። «ድርቆሽ ሻጭ ናት። እዚሁ መንገድ ላይ አይቻት ነው የሳልኳት።»

እማማ ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ያፈሩ መሰለኝ።

«ያ ዋቃዮ!» አሉ በመጨረሻ፣ አምላካቸውን በኦሮምኛ ጠርተው። «ይሄን ሸክም ለካ የሚያየው ሰው ነበር?»

ከዚያ ተሳለሟት።

ትናንት ቀለም ቀቢው «እህቴ፣ ምን ፈልገሽ ነው?» ሲለኝ ደንግጬ ወደ ታች አየሁ። አንድ እግሬ ከጫማዬ ወጥቷል።