የአያ መንገሻ ቃል

ባለፈው ሰሞን ፍኖተ ሰላም፣ ቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ የቡሬ በርበሬ ስቀነጥስ የጎረቤቴ ሬዲዮ ስለ ሕዝበ ውሳኔ ያወራ ነበር። የየት አገር እንደሆነ እንኳ አላጣራሁም፤ እጄ ቀጥ ብሎ ቀረ።

በሰባ ዘጠኝ ጥር ላይ፣ የደርግ ሕገ መንግሥት ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር የማስተምር ለጋ መምህርት ነበርኩ። ድምፅ የሚሰጠው በገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ነው። የከረመው በርበሬ ስላልተነሣ ሰልፈኛው ሁሉ ያስነጥሳል። ማንበብ ለማይችል ሰው ወረቀቱ ላይ ምልክት የማደርገው እኔ ነኝ፤ ደጅ ላይ ካድሬ ቆሟል። እስከ ረፋድ ድረስ «እቃወማለሁ» ያለ አልነበረም። እኔም አንድ እንዳይመጣብኝ እጸልይ ነበር፤ ፈሪ ነበርኩ፣ አልክድም።

አያ መንገሻ ገቡ። ቤት ያከራዩኝ፣ ጾም ሲፈታ ሳይጠሩኝ የማይቆርሱ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወሬው ከጠፋ ዓመት አልፎታል። ለእኔ ብቻ እንዲነግሩኝ በመጋረጃ ወደ ተከለለው ጥግ ብጠቁማቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ ቃሌን ተደብቄ ሰጥቼ አላውቅም፣ ልጄ።»

አገሬው ሌባ ለማውጣት ዛፍ ሥር ተሰብስቦ እንደሚማማልበት እንደ አውጫጭ ቀን፣ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው አደገደጉ።

«ልጄን የወሰደብኝን መንግሥት ይጽና አልልም። አልወደድሁትም። ማርያምን!»

ይህን ካድሬው ከሰማ አዳራቸው እስር ቤት ነው።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ካድሬው ብቅ ብሎ።

«ድምፃቸውን እየሰጡ ነው» አልኩ።

መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ትንፋሹ አንገቴ ላይ ይሰማኛል። እስክሪብቶዬ «ድጋፍ» በሚለው ላይ ምልክት አደረገ። «ጎበዝ» ብሎኝ ወጣ። አያ መንገሻ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ስለት እንደሚያገባ ሰው ቀስ ብለው ሳጥኑ ውስጥ ከተቱት።

በማግሥቱ ጠዋት ደጄ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ቃሌን እንዳልሁት ጻፍሽልኝ?»

«አዎ፣ አያ።»

«ተመስገን። ልጄ ሲመለስ የምነግረው አገኘሁ።»

ልጁ አልተመለሰም፤ እሳቸውም ብዙ አልቆዩም። አተረፍኳቸው እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን አጽናናሁ። ትርፉ ግን ለእኔም ነበር፤ ካድሬው የቆመው ከእኔ ኋላ ነው። ሬዲዮው ድምፅ ቆጠራ ላይ ሲደርስ በርበሬውን እዚያው ትቼ ገባሁ። ልጃቸውን መንግሥት ወሰደባቸው፤ ስለ ልጃቸው የተናገሩትን ቃል የወሰድኩባቸው ግን እኔ ነኝ።