የለም የተባለው ካርድ

ጥፋት ሠርቼ ብከሰስ እችለው ነበር። ሰርቀሻል የተባልኩት እቃ ፊቴ ተቀምጦ ሳለ መከሰሴ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ነቀምት ውስጥ በአንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ሠራተኛ ነበርኩ። ኮምፒዩተር ሲመጣልን ከታይፕራይተር አንሥተው እሱ ፊት አስቀመጡኝ። ጊምቢ ያለው ቅርንጫፋችንም አንድ ነበረው። ሁለቱ የተሠሩት በተለያየ አገር ነው፤ የሰጡንም የተለያዩ ለጋሾች ናቸው። ለእኛ ግን ኮምፒዩተር ሁሉ አንድ ነበር።

በአማርኛ ለማተም የሚያስችለው ካርድ ለሁለቱ መሥሪያ ቤቶች አንድ ብቻ ነው። መዳፍ የሚያህል ጠፍጣፋ እቃ ነው፤ የኮምፒዩተሩ ክዳን ይከፈትና ውስጡ ይሰካል። ጊምቢዎች ሥራቸውን ሲጨርሱ በጨርቅ ጠቅልለው በአውቶቡስ ላኩልን። ሰካሁት። ኮምፒዩተሩን ሳበራው በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ጽሑፍ አወጣ፤ እቃው አልተገኘም የሚል።

ሥራ አስኪያጁን ጠራሁት። ጎንበስ ብሎ አነበበ።

«የለም ይላል» አለ።

«አለ እኮ። ይኸው።» ክዳኑን ከፍቼ አሳየሁት።

«እሱን እያየሁት ነው፣ ጓዲት። ማሽኑ ግን የለም ብሏል። ማሽን ደግሞ አይዋሽም።»

«እኔስ እዋሻለሁ?»

«ጊምቢ ያለው ማሽን አለ ብሏል። አንቺ እጅ ሲገባ የለም ሆነ። ዋናውን የት አደረግሽው?»

«ዋናው ይሄ ነው።»

«ይሄማ አስመስለሽ የተካሽው ነው።»

ነቀምት ገበያ ቡና፣ ማርና ኑግ ይሸጣል። የኮምፒዩተር ካርድ የሚሸጥበትን ተራ ግን አላየሁም። ይህንኑ ነገርኩት። አጠገባችን የነበሩት ሠራተኞች ሳቁ፤ ያ ሳቅ ሳይጎዳኝ አልቀረም። ፊቱ ጠቆረ፤ «ይሄ አሻጥር ነው» አለ። አሻጥር የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ሰው ይበላ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከሥራ ታገድኩ።

ቤቴም ተፈተሸ። ባለቤቴ ያን ጊዜ ኑኑ ቁምባ ወረዳ ያስተምር ስለነበር ቤት የነበርነው እኔና ልጆቼ ነን። የቀበሌ ጥበቃዎች መጥተው የልጆቼን ደብተር በተኑ፤ በርበሬዬን ዘረገፉ፤ ፍራሹን ገለበጡ። ካርዱ መሥሪያ ቤት፣ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ተሰክቶ ነው ያለው። እነሱ የሚፈልጉት እኔ ቤት፣ ከበርበሬ ሥር ነው። አንድ ሰው እንኳ «ምን እያደረግን ነው?» አላለም።

እኔ የፈራሁት ለሌላ ነገር ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ታሽጋ ስለነበር በየቤቱ ተደብቀን ነበር የምንጸልየው። የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱሳችንን የጤፍ ዱቄት ውስጥ ቀብሬዋለሁ። ከጥበቃዎቹ አንዱ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው፣ ክንዱን እስከ ክርኑ ዱቄቱ ውስጥ ከተተ። እጁ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ እጁን አወጣና አራገፈ።

«ሂን ጂሩ» አለ ለጓደኞቹ። የለም ማለቱ ነው። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ «አዴ፣ ዱቄትሽን ክደኚው፤ አቧራ ይገባበታል» አለኝ።

ለምን እንዳደረገው አልጠየቅሁትም። ባስታወስኩት ቁጥር ግን እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ወሬው ግን ከተማውን ሞላው። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ በር ላይ ቆመች።

«‹ኢንተለ ሀቱ› አሉኝ።» የሌባ ልጅ ማለት ነው። «እማዬ፣ እውነት ወስደሻል?»

አልወሰድኩም አልኳት። አመነችኝ። በማግስቱ ግን ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። ሥራዬን ባጣ ሌላ እፈልግ ነበር። ይህን ስም ግን ለልጄ ትቼላት መሞት አልፈለግሁም።

በመጨረሻ ከአዲስ አበባ ባለሙያ መጣ። እኔም ተጠርቼ አጠገቡ ቆምኩ። ጥድፊያ የበዛበት ሰው ነው፤ ሲሠራ ከራሱ ጋር ያወራል። ካርዱን ነቅሎ አገላብጦ አየው፤ መልሶ ሰካው።

«እቃው ደኅና ነው። ማን ነው ጠፋ ያለው?»

«ማሽኑ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ማሽኑ ምን ዓይን አለውና! ‹እዚህ ቦታ ይህ እቃ ተሰክቷል፤ ሥራው ይህ ነው› ብለው ካልነገሩት ለእሱ ምንም የለም።»

«ጊምቢ ማን ነገረው ታዲያ?» አልኩ።

«የጊምቢው፣ እትዬ፣ ካርዱ ላይ ካሉት ከእነዚህ ትንንሽ ማብሪያ መሳይ መቀያየሪያዎች አንብቦ ያውቃል። ይሄኛው ሌላ ዓይነት ነው። ዋናው ፕሮግራም ሲነሣ የሚያነበው ጽሑፍ አለ፤ እዚያ ውስጥ ካልጻፉለት አይሰማም። ለአንዱ የነገሩት ለሌላው አይሠራም።»

ዛሬ ልጆቼ አንድ ነገር ሲሰኩ ኮምፒዩተሩ ራሱ ያውቀዋል። ያን ጊዜ እንዲያ አልነበረም። ባለሙያው አንድ መስመር ጻፈ፤ አጥፍቶ አበራው። አታሚው እየጮኸ «ሀ ሁ ሂ» ብሎ አወጣ። ለዚህች ለአንዲት መስመር ነው ቤቴ የተበረበረው።

ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበ። «ተገኘ!» አለ።

ሠራተኛው ሁሉ ለስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ ይቅርታ ሊጠይቀኝ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካክዬ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

«ጓዶች፣ ጠፍቶ የነበረው ካርድ ተገኝቷል» አለ። «ጓዲትም ምሕረት ተደርጎላት ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።»

ሰው አጨበጨበ። ጎኔ የነበረችው ሴት ክንዴን ጨብጣ «እንኳን ደስ አለሽ» አለችኝ። ተነሣሁ።

«ምሕረት የምለምነው አምላኬን ነው፤ እሱንም በሠራሁት ኃጢአት። እዚህ ምን ሠርቼ ነው የምማረው?»

«ተቀመጪ እንጂ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ተገኝቷል አይደል? ምን ልዩነት አለው?»

«እቃው አልጠፋም። እኔም አላጠፋሁም። ሁለቱም ይጻፍልኝ።»

ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሰው ብዕሩን አንሥቶ ሥራ አስኪያጁን አየ። ሥራ አስኪያጁ መስኮት መስኮቱን ያያል። እኔ አልተቀመጥኩም።

«እሺ፣ እቃው አልጠፋም ብለህ ጻፍ» አለ በመጨረሻ።

ጸሐፊው ጻፈ።

«ሁለተኛውስ?» አልኩ።