ዝናቡና ጦሩ ሲሽቀዳደሙ

ከሐይቅ ከተማ ወደ ውጫሌ ከሚወስደው መንገድ በታች፣ ሐይቁ ወለል ብሎ በሚታይበት ተዳፋት ላይ ዑምኩልሱም የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ትኖራለች። መሬቷን ጎረቤቷ እንድሪስ በእኩል ያርስላት ነበር። በ2013 ክረምት ግን እንድሪስ ጤፉን እንደዘራ ሚሊሻ ሆኖ ዘመተ፤ አረሙም ጥበቃውም በእሷ ላይ ወደቀ።

የዚያ ዓመት ጤፍ ለእሷ እንደ ሌላው ጊዜ ጤፍ አልነበረም። ያለፈውን ምርቷን አንበጣ ከነአገዳው በልቶባት፣ ዓመቱን ሙሉ ከተማ ባለችው ልጇ በሂንድ እጅ ነበር የከረመችው። ሂንድም ባሏ ሐቢብም ክፉ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። ዑምኩልሱም ግን የልጇንም ቢሆን እጅ እያዩ መብላት ያሳፍራት ነበር።

ጥቅምት ሲጋመስ የቀበሌዋ የግብርና ባለሙያ መቅዲ መጣች። በጦርነቱ ምክንያት ስብሰባ ስለቀረ በየቤቱ እየዞረች ነው የምትናገረው። የመጪው በጋ የአየር ትንበያ ወጥቷል አለች። በጋው ባብዛኛው ደረቅ፣ ሌሊቱም ውርጫም ይሆናል፤ ከዚያ በፊት ግን በዚሁ በጥቅምት መጨረሻ በምሥራቅ አማራ ከወቅቱ ውጪ ዝናብ ይጠበቃል፤ የደረሰ ሰብል ሳይውል ሳያድር ታጭዶ ይከመር። ይህን ስትናገር ከአምባሰል በኩል ጉርምርምታ ተሰማ። ዑምኩልሱም ቀና ብላ አየች። ሰማዩ ጠርቷል።

"እሱ ነጎድጓድ አይደለም" አለቻት መቅዲ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

በማግስቱ ከጅረቱ ማዶ ያሉት ጋሽ ባዬና ባለቤታቸው ስህን ማጭዳቸውን ይዘው መጡ። የእነሱም ልጆች ዘምተዋል። ወንፈል ገቡ፤ ቀድሞ የደረሰው የዑምኩልሱም ይታጨድና ይከመር፣ ከዚያ የባዬ ይቀጥል ተባባሉ። ጎንበስ ብለው ሲያጭዱ ቆይተው ቀና ባሉ ቁጥር መንገዱን የሞላው ሰው በዝቶ ያገኙታል። ፍራሽ የጫነ ጋሪ፣ ፍየል የሚነዳ፣ እናቱን ያዘለ። ማንም ቆሞ ወሬ አይነግርም።

ጤፉ ታጭዶ ነዶው ገና ማሳው ላይ እንደተኛ ሐቢብ መኪና ይዞ ደረሰ፤ ሂንድ ወርዳ በሩጫ መጣች። ወደ ኮምቦልቻ ልንሄድ ነው፣ ተነሽ አለቻት። ዑምኩልሱም ነዶ ማንሳቷን አላቆመችም። ደመናው ከአምባሰል ገደል ላይ መውረድ ጀምሮ ነበር። የታጨደ ጤፍ ዝናብ ከመታው መሬት ላይ እንዳለ ይበቅላል፤ እሱን ደግሞ ሁለቱም ያውቁታል።

"እማዬ፣ ሰው ከተረፈ እህል የትም ይገኛል" አለች ሂንድ።

"አምናም ይህንኑ ነው ያልሽኝ። እውነትሽን ነው፣ አበላሽኝ። ዘንድሮ ግን ሁላችሁም ስደተኛ ናችሁ። ማን ማንን ያበላል?"

ሂንድ ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። እናቷ ቀስ ብላ እጇን አስለቀቀች። ሐቢብ ጥሩንባውን ደጋግሞ ነፋ፤ መንገዱ ሊዘጋ ነው። "አላህ ይጠብቅሽ፣ ሂጂ" አለቻት ዑምኩልሱም። ሂንድ ዞር ብላ ሳታይ ሄደች።

ክምሩ ላይ የወጡት ባዬ ነበሩ፤ ሁለቱ ሴቶች ነዶ ያቀብሏቸዋል። ከመንገዱ ማዶ አንድ ከባድ ነገር ወድቆ ፈነዳ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ስህን ነዶዋን ጥላ ተኛች። ባዬ ከላይ ሆነው ወደ ጅረቱ ዋሻ እንግባ አሉ። ዑምኩልሱም ነዶ አንስታ፣ የክምሩ ጫፍ ሳይሾል ቢተው ውሃው ውስጥ ገብቶ ሁሉንም ያበሰብሰዋል አለቻቸው። አዛውንቱ እጃቸውን ዘረጉ። "አቀብይኝ እንግዲህ" አሉ። ጫፉን አሹለው ሲወርዱ የመጀመሪያው ጠብታ ፊታቸውን መታው። ጅረቱ ዳር ካለው ዋሻ ገብተው አንድ ላይ ተጨናንቀው ተቀመጡ። ከውጪ የሚሰማው የቱ የዝናብ፣ የቱ የመድፍ እንደሆነ መለየት አቃታቸው።

ዝናቡ ሲያባራ ጦሩ ወደ ደሴ አልፎ፣ አገሩ በሌላ እጅ ገብቶ ነበር። ክምሩ አልረጠበም። ያልታጨደው የባዬ ጤፍ ግን ተጋድሞ ፍሬው ጭቃ ውስጥ ረግፏል።

ከዚያ ወዲያ ስልክ የለም፣ ገበያ የለም፣ ወፍጮም ቆመ። እህል መኖሩ እንዳይታወቅ ከክምሩ ጥቂት ጥቂት እየሳቡ በዱላ ወቅተው በድንጋይ ፈጩ። ዑምኩልሱም የእንድሪስ ድርሻ ከክምሩ ይቆይለት ብላ የተወቃውን ሁሉ እኩል ስትከፍል ባዬ እንቢ አሉ፤ የኔን ዝናብ ወሰደው፣ ይሄ ያንቺ ነው አሉ።

"የእርስዎን ዝናብ የወሰደው የኔን ሲከምሩ ነው" አለቻቸው። ስህን ቁናውን ተቀበለች።

ሌሊት ውርጩ ሲበረታ ዑምኩልሱም ስለ ሂንድ ታስባለች። መኪናው መንገድ ላይ ተመትቶ ይሆን? ከልጄ እህል አስቀደምኩ ወይ እያለች ስትገላበጥ ይነጋል።

በታኅሣሥ መንገዱ ሲከፈት ሂንድ በእግሯ መጣች። ከስታለች። ቤቷ ተዘርፎ ሐቢብ ከተማ ቀርቶ በሩን እየጠገነ ነው። እናቷን አውድማው ላይ ስታያት ቆማ ቀረች፤ ከዚያ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

"ሞተሻል ብዬ ሰደቃ አውጥቻለሁ" አለቻት። "እህል ስላተረፍሽ ልክ ነበርሽ ብዬ እንዳትጠብቂኝ።"

"አልጠብቅም" አለች ዑምኩልሱም።

ሂንድ እንባዋን ጠርጋ ሻሿን አጠበቀች። እናቷ የተወቃውን ጤፍ ስታነሳላት፣ እሷ ልታበጥረው ሰፌዱን ይዛ ወደ ነፋሱ ዞረች።