በሕይወት ያለ አባት

ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ ልጅቷን «ሲስተር» ብለው መጥራት የጀመሩት የነርስነት ትምህርት እንደደረሳት በሰሙ ዕለት ነው። ሥራዋ መተኮስ ነበር። የሆቴል አንሶላ፣ የሙሽራ ሱፍ፣ የሆስፒታል ጋዋን፣ ሁሉም በእጇ ያልፋል። ጋዋን ሲደርሳት ግን እጇ ይዘገያል፤ ኮሌታው ላይ ደጋግማ ትመላለስበታለች። አጠገቧ የምትተኩሰው፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏት ጠና ያለች ሴት፣ «ቶሎ በይ ሲስተር፣ በሽተኛው እየጠበቀሽ ነው» እያለች ታሾፍባት ነበር። ያን ሰሞን መሳቅ አይከብዳትም ነበር።

እናቷ የሞተችው እሷ ገና ፊደል ሳትቆጥር ነው። አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ሐዘኑ ሳይወጣለት ሌላ ሚስት አገባ፤ ልጅቷንም ለሟች ሚስቱ እህት «ለጊዜው ያዥልኝ» ብሎ ሰጣት። ጊዜውም በዚያው ቀረ። አክስቷ ልብስ እየሰፋች አሳደገቻት፣ አስተማረቻት። ልጅቷ ሁለተኛ ደረጃን ስትጨርስ ግን የአክስቲቱ ዓይን ደከመ፤ ክር ማስገባት ሲያቅታት ወንድ ልጇ ወደሚኖርበት ሩቅ ከተማ ሄደች። ልጅቷ ማጠቢያ ቤት ተቀጠረች፤ ከእትዬ ጋር አንዲት ክፍል ተጋርተው በመጋረጃ ከልለው መኖር ጀመሩ።

የኮሌጁ ክፍያ የማይሞከር ነበር። ደመወዟ ከኪራይና ከምግብ አያልፍም። ደግነቱ ኮሌጁ አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች ሙሉ ወጪ ይሸፍናል፤ ውጤቷም ያደርሳታል። አስፈቅዳ፣ ያለቻትን አንድ ደህና ቀሚስ ራሷ ተኩሳ ለብሳ፣ ድጋፍ ወደሚሰጠው ቢሮ ሄደች።

ቢሮው ጠባብ ኮሪደር መጨረሻ ላይ ነው። ሠራተኛዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ክፉ ያልሆነች፣ ግን የሰለቻት ሴት ነበረች። የእናቷን መሞት የሚያረጋግጠውን ማስረጃ አየችና ነፍስ ይማር አለች። ከዚያ ቀና ብላ ጠየቀቻት።

«አባትሽስ?»

«አለ።»

«ይረዳሻል?»

«አይረዳኝም። አብረን አንኖርም።»

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አባት በሕይወት ካለ ገቢው ይታያል አለቻት፤ የአውቶቡስ ሾፌር ደግሞ ቋሚ ደመወዝተኛ ስለሆነ ማስተማር ይችላል ተብሎ ይታሰባል። የማይረዳት ከሆነም ራሱ «አልረዳትም» ብሎ መፈረም አለበት። ልጅቷ ከአክስቷና ከእትዬ የምስክርነት ቃል ላምጣ ብላ ለመነች። እሱ ወላጁ ለጠፋበት ነው ተባለች።

«ያንቺ አባት አልጠፋም እኮ፣ የኔ እህት» አለቻት ሴትዮዋ። «የት እንዳለ ይታወቃል።»

ማመልከቻው የሚዘጋው በዚያው ሳምንት መጨረሻ ነበር። ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ወረፋ ይዘው ቆመዋል። አንዱ አባት እስክሪብቶ አውሺኝ አላት። ሰጠችው፤ ሳትቀበለው ሄደች።

አባቷን ያገኘችው በዕረፍት ቀኑ፣ በረንዳ ላይ ጫማውን ሲቦርሽ ነው። ልጆቹ በበሩ አጮልቀው እንግዳዋን ያዩአታል። «አባዬ» ልትለው አስባ ነበር፤ አፏ አልታዘዝ አለ። ልጅ ሳለች «አንተ» ነበር የምትለው፤ አሁን «እርስዎ» አለችው። እሱም አላረማትም።

ነርስነት እንደደረሳት ስትነግረው ፊቱ በራ። ሚስቱን ጠርቶ «ሰማሽ? የኔ ልጅ እኮ ናት» አለ። ጭንቅላቷ በእሱ እንደወጣ፣ እሱም ዕድል ቢያገኝ የት ይደርስ እንደነበር አወራ። ልጅቷ ልቧ ትንሽ ደፈር ሲል እንዲፈርምበት ከቢሮው የተሰጣትን ወረቀት አወጣችለት። አነበበው፤ ደግሞ አነበበው።

«ልጄን አልረዳም ብዬ ልፈርም?»

«ያለውን ነው የሚለው፤ ሌላ ነገር የለበትም።»

«እኔ ልጄን አልጣልኩም።»

«እንግዲያው ይክፈሉልኝ» አለች፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ።

ወረቀቱን ጭኑ ላይ አኖረ። ከዚያ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ትንንሾቹ ልጆች ተናገረ፤ መሥሪያ ቤቱ ይህን ቢሰማ ሰው ምን እንደሚለውም ተናገረ። ልጅቷ ማንም እንደማያየው ማለችለት። ከፈረመላት ዳግመኛ ምንም እንደማትጠይቀው፣ ደጁንም እንደማትረግጥ ነገረችው። ነገሩን የሚያቀልለት መስሏት ነው፤ ይሄኛው ግን ከሁሉ ባሰበት። ወረቀቱን አጥፎ መለሰላትና «ሲመቸኝ ራሴ አስተምርሻለሁ» አለ። ጫማውን አነሳ።

እስከ ውጪው በር የሸኘቻት የእንጀራ እናቷ ናት። «የኔ ፊርማ ቢሆን ኖሮ እፈርምልሽ ነበር» ብላ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ልጅቷ ያችን ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠላት ኖራለች። ያን ቀን መጥላቱም አልሆነላት።

እትዬ ነገሩን ስትሰማ «አንቺው ፈርሚበት፣ ማን ያውቅብሻል?» አለቻት። ልጅቷ እስክሪብቶ ይዛ ተቀመጠች። ግን የአባቷ ፊርማ ምን እንደሚመስል አታውቅም፤ የትምህርት ቤት ካርዷ ላይ ሁልጊዜ የምትፈርመው አክስቷ ነበረች። ቢደረስባትስ? እስከ መጨረሻው ትባረራለች። እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠች።

በመዝጊያው ቀን ያልተፈረመውን ወረቀት ይዛ ቢሮው ሄደችና የሆነውን ሁሉ ተናገረች። ሴትዮዋ ሳታቋርጣት ሰማችና ወደ አለቃዋ ገባች። ቆይታ ስትመለስ ፊቷ ቀድሞ ነገራት። አለቃው ለአንድ ሰው ብሎ መመሪያ አልጥስም ብሏል። ወላጅ የማይጠየቅበት ዕድሜ ላይ ስትደርሺ ተመለሺ አለቻት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ።

«ያኔ ራስሽን የቻልሽ ተብለሽ ትቆጠሪያለሽ።»

«አሁን ማን ችሎኝ ነው?»

ሴትዮዋ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደች። ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራች።

ምዝገባው አለፈ፤ ቦታዋም ለተጠባባቂ ተሰጠ። ማጠቢያ ቤት ነገሩን ያልሰሙት ጥቂት ቀን «ሲስተር» ማለታቸውን ቀጠሉ። እትዬ አንዱን ለብቻው ወስዳ ተቆጣችው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አላለም። ሌላ ስም ስላላወጡላት «አንቺ» ብቻ ሆነች።

በቀጣዩ ዓመት፣ ልጅቷ ባንኮኒው ላይ ልብስ ስትቀበል፣ አንዲት ሴት ካፖርት ልታሳጥብ መጣች። ልጅቷን አተኩራ አየቻትና የሾፌሩ ልጅ መሆኗን ጠየቀቻት። የአባቷ ጎረቤት ናት። አባቷ ለሰፈሩ ሁሉ ልጄ ነርስነት እየተማረች ነው፣ እኔው ነኝ የማስተምራት ይላል አለች፤ እዚህ በዕረፍትሽ ነው መቼስ የምትሠሪው?

«አዎ፣ በዕረፍቴ ነው» አለች ልጅቷ።

ሴትዮዋ ደስ አላት። ባንኮኒው ላይ ጠጋ ብላ እግሯ ሲመሽ እንደሚያብጥ፣ የምትውጠው የደም ግፊት መድኃኒት ያመጣው እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀቻት። ልጅቷ ያበጠውን እግር አየች። የምታውቀው ነገር አልነበረም።

«ሐኪም ቤት ቢሄዱ ይሻላል» አለቻት።

ሴትዮዋ መርቃት ሄደች። እትዬ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሆና ሁሉን ሰምታለች፤ ለምን እውነቱን አልነገርሻትም አለቻት።

«ምን ብዬ?» አለች ልጅቷ። ካፖርቱ ላይ ቁጥር ለጥፋ ወደ ጓዳ ይዛው ገባች።