ተረኛው ያልቀመሱት ጽዋ

የዚያ ዓመት ምርጫ ሲካሄድ እኔ እዚሁ አርባ ምንጭ ነበርኩ። ወደ ማታ ስደውል አባቴን ደስ ብሏቸው አገኘኋቸው። የወንድሜ የክርስትና አባት፣ እህልና በርበሬ የሚያመላልሱበትን አይሱዙ አውጥተው፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለው ቀበሌያችን መራመድ የከበደውን ሰው ሁሉ ምርጫ ጣቢያ ሲያደርሱ ውለዋል። አባቴ ከሾፌሩ ጎን፣ ወንድሜ ከኋላ ከአሮጊቶቹ ጋር ተጭነው ሄደዋል። «አንድ ሰው አልቀረም፤ ሁላችንም ለአንዱ ነው የሰጠን። ዘንድሮ የሚያጨቃጭቅ ነገር የለም» አሉኝ። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ጭቅጭቁ የመጣው የመረጡት ፓርቲ ካሸነፈ በኋላ ነው። ፓርቲው ደጋፊዎቹን ቀበሌ አዳራሽ ሰብስቦ፣ ባለውና በሌለው መካከል ያለው ልዩነት እየሰፋ ነው፣ ምን ይደረግ ትላላችሁ ሲል ጠየቀ። ወንድሜ ተነሣ። የመሬት ድልድሉ ሲደረግ ገና ሕፃን ስለነበር የራሱ የሚለው ማሳ የለውም፤ የክርስትና አባቱ ከሰው የሚከራዩትን መሬት በእኩል፣ ምርቱን ለሁለት እየተካፈለ፣ እያረሰ ነው የሚኖረው። ያንን እያወቀ፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ አንድ ሰው የሚከራየው መሬት ገደብ ይበጅለት፣ የተረፈው መሬት ለሌለው ወጣት ይሰጥ አለ።

ክርስትና አባቱ ከተቀመጡበት ሳይነሡ መለሱለት። «መሬታቸውን የሚያከራዩኝ በሬ የሌላቸው መበለቶች ናቸው። እኔ ብተወው ማን ያርስላቸዋል? የመረጥነው ሠርቶ ያገኘ ሰው እንዲገፈፍ አይደለም።»

«የመረጥነውስ እርስዎ ሁለተኛ ወፍጮ እንዲተክሉ ነው?» አለ ወንድሜ።

የአዳራሹ እኩሌታ ሳቀ። እኔን ያስፈራኝ ክርክሩ ሳይሆን ያ ሳቅ ነው። አባቴ በስልክ ሲነግሩኝ ስለ ሳቁ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

እናታችን ካረፈች ወዲህ ቤቱን የሚይዝ ሴት የለም። በዚያው ሰሞን የሚካኤል ማኅበር ተራ ለአባቴ ደርሶ ስለነበር ፈቃድ ወስጄ ድግሱን ላሰናዳ ሄድኩ። ወንድሜ ቡሬ መናኸሪያ ወርዶ ተቀበለኝ፤ በባጃጅ ስንሄድ የክርስትና አባቱን መጋዘን አለፍን። የበርበሬው ሽታ አስነጠሰኝ።

«ምን አፍህን አስከፈተህ?» አልኩት።

«ምን ክፉ ተናገርኩ እታለም? የመረጥነው ለዚህ አይደል?»

«እሳቸውም እኮ ለዚህ ነው የመረጥን የሚሉት።»

«እንግዲያ አንዳችን ሳናውቅ መርጠናል» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የክርስትና አባቱ ከስብሰባው ወዲህ አንድ ቃል አልተናገሩም። መሬቱንም አልነጠቁትም፤ እረስም አላሉትም። የወንድማቸው ልጆች ግን ወንዙ ዳር እንጠብቀዋለን ብለው ዝተዋል የሚል ወሬ በገበያ ይናፈሳል። እኛ ዘንድ ወንዶቹ መሣሪያ አንግተው ነው የሚውሉት፤ የተዋረደ ሰው ዝም ሲል እንቅልፍ ይነሳል። ጠላውን ስጠምቅ፣ ዳቦውን ስጋግር፣ ከአፌ ውዳሴ ማርያም አልተለየም፤ ልቤ ግን ወንዙ ዳር ነበር።

በማኅበራችን ቂም የያዘ ሰው ጽዋ አይቀምስም። ሳይቀምስ የወጣ ሰው ደግሞ ተቀይሜያለሁ ብሎ እንደ ተናገረ ይቆጠራል። የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን ከደጋሹ እጅ ተቀብሎ፣ ማኅበርተኛው በዝማሬ አጅቦት ወደ ቤቱ ይወስዳል። በዚያ ዙር ጽዋውን የሚረከቡት ተረኛ እኒያው ክርስትና አባት ነበሩ።

አቀማመጥም አለን። ማኅበርተኛው ሁሉ አባቱ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ማንም አይነካበትም። የክርስትና አባቱ ቦታ ከውስጠኛው ግድግዳ ሥር፣ ማኅበሩን ከሚመሩት ካህን ቀጥሎ ነው። እኒህን ካህን ሙሴ እንላቸዋለን። ጠዋት አባቴ አጎዛውን ከዚያ አንሥተው በሩ አጠገብ ሲዘረጉት አየሁ።

«አባዬ፣ ቦታቸውን ባይነኩባቸው» አልኩ።

«ዝም በይ። ቀጂው ወንድምሽ ነው። ነገር ቢነሣ እሳቸው ከውስጥ ሆነው በሰው ላይ ተረማምደው ነው የሚወጡት። እዚህ ከሆኑ ማንንም ሳይነኩ ይወጣሉ።»

በር አጠገብ የሚቀመጠው ያልተጠራ እንግዳና ነዳይ ነው። አባቴ ይህን አጥተውት አይደለም፤ ፍርሃቱ ሌላውን ሁሉ ጋረደባቸው እንጂ።

መጡ። ክርስትና አባቱ እንደ ሌላው ሰው መሣሪያቸውን ምሰሶው ላይ ሰቀሉ፣ መስቀል ተሳለሙ፣ ወደ ቦታቸው አቀኑ። እዚያ ከሌላ ደብር የመጣ ዲያቆን ተቀምጧል። አባቴ በእጃቸው አጎዛውን አመለከቷቸው። እሳቸውም አጎዛውን አይተው «ለካ እዚህም ገደብ ተበጅቶልኛል» አሉ፤ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። ተቀመጡ። ጸሎት ደረሰ፣ ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ። ጽዋው ሲደርሳቸው ተቀብለው ሳሙት፤ ሳይቀምሱም ቀጥሎ ለተቀመጠው አሳለፉት። ወንድሜ ማድጋውን ይዞ አጠገባቸው ቆሞ ነበር፤ ቀና ብለው አላዩትም። ተነሥተው መሣሪያቸውን አወረዱና ወጡ።

 ከዚያ አንዱ ማኅበርተኛ «ያኔ መኪና ባይሰጡ ስንቶቻችን ደርሰን እንመርጥ ነበር?» አለ።

«መኪና ስለ ሰጡ አገሩን ይከራዩት?» አለ ሌላው።

«የመረጥነው ምልክትስ አንድ ነበር፤ እኛ ነን ሁለት የሆንነው» አሉ አንድ ሽማግሌ። የሳቀ የለም።

ሙሴው ጽዋው ከወጡት ሰው ቀጥሎ ላለው ተረኛ ይለፍ አሉ። አባቴ ግን «አይሆንም» አሉ። «ከዘለልናቸው ያስወጣናቸው እኛ ነን። ደጃቸው ድረስ እወስድላቸዋለሁ።» ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱን ለመውጣት ጉልበታቸው እንደማይችል ሁላችንም እናውቃለን። ወንድሜ ማድጋውን አስቀመጠና ጽዋውን ከነመሸፈኛው ታቀፈ። «እኔ እይዘዋለሁ፤ አባባ በምርኩዝ ይምጡ።» እጄን ዘርግቼ ላስቀረው አሰብኩ፤ ጽዋ የያዘ ሰው እንዴት ይነካል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ያ መንገድ በዝማሬና በእልልታ ነው የሚታለፈው። ያን ዕለት የሚሰማው የአባቴ ምርኩዝ ድንጋይ ሲነካ ብቻ ነው። በሐሳብ ከወንድሜ ጋር የሆኑት ሰውየውን መለማመጥ መስሏቸው ወደ ኋላ ቀሩ፤ ከክርስትና አባቱ ጋር የሆኑት ደግሞ ከእሱ ጋር መታየቱን ጠልተው ራቅ ራቅ ብለው ይሄዳሉ። እኔ ከኋላው ነበርኩ። ሁለቱም እጆቹ ተይዘዋል፤ ድንጋይ ቢወረወር እንኳ ፊቱን የሚከልልበት የለውም። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ እኔ ግን ወንዙ ዳር ያለውን ቁጥቋጦ ሁሉ ሰው እያስመሰልኩ አለፍኩት።

የግቢያቸው የቆርቆሮ በር ተዘግቷል። ውሾቹ ጮኹ። የወንድማቸው ልጆች የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ሰላምታ አልሰጡንም። በሩ ተከፈተና ክርስትና አባቱ መሣሪያቸውን እንዳነገቱ ወጡ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ አባቴ። «ቦታዎን የነካሁት ፈርቼ ነው።»

«ማንን ፈርተው?»

«ሁለታችሁንም።»

 ክርስትና አባቱ መሣሪያቸውን አውልቀው ለአንደኛው ልጅ ሰጡ፣ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረግ አድርገው ጽዋውን ከወንድሜ ተቀበሉ። ሳሙት፤ እያየናቸው ቀመሱት። ከሴቶቹ አንዷ እልል አለች።

እጃቸውን ወንድሜ ራስ ላይ ጫኑ። «ልጄ ነህ፤ ክርስትና ያነሣሁህ እኔ ነኝ። ይህን የሚያስቀርብኝ የለም። መሬቱን ግን ለሌላ ሰጥቻለሁ። ያልከው ገደብ ካንተ ይጀምር።»

ወንድሜ ዓይኑን አላነሣም። «እሺ አባቴ። ለሚቀጥለውም ስብሰባ ይህንኑ ነው የምናገር።»

«ተናገር። እኔም እመልስልሃለሁ።»

በዚያ ክረምት ወንድሜ ምንም አልዘራም። መራዊ ወርዶ ለእህል ነጋዴዎች በቆሎ እየጫነና እያወረደ ይኖራል። ማኅበሩ አልፈረሰም፤ ክርስትና አባቱም ድግሳቸውን አሳምረው ደገሱ፣ ቦታቸውም ተመለሰላቸው። አባቴ ይህን ሲነግሩኝ ሰላም ወርዷል ይላሉ። እኔ እዚህ ሆኜ፣ የወንድሜ ስልክ ባልተለመደ ሰዓት በጠራ ቁጥር ከማንሣቴ በፊት አማትባለሁ።

በቅርቡ ደጋፊዎቹ እንደገና ተሰበሰቡ። ወንድሜ ለዚሁ ብሎ ከመራዊ መጣ። በማግስቱ ወደ አባቴ ደወልኩ፤ መስመሩ ሲመጣና ሲቋረጥ ቆይቶ አነሡት።

«ተናገረ?» አልኳቸው።

«ተናገረ። ያንኑ።»

«እሳቸውስ?»

«መለሱለት። አሁንም ሰዉ ለሁለት ተከፈለ፤ ነገሩ ወደ ወረዳ ይሂድ ተባለ።»

«በሰላም ተለያዩ?»

«ተለያዩ» አሉ አባቴ።

በሰላም የሚለውን ከአፋቸው ስጠብቅ፣ ስለ ሥራዬና ስለ ሙቀቱ ጠየቁኝ። እኔም ደግሜ ልጠይቃቸው አልደፈርኩም።