ፈንታዬ ኮሚቴ ሲመጣባት

ደብረ ማርቆስ መነኸሪያ አጠገብ ቆሎ የምትሸጠው ፈንታዬ ብልህ ሴት ናት፤ እንግዳ ይመጣል ከተባለ ግን ሌላ ነገር አይታያትም። የምትኖረው የወፍጮ ቤት ጓዳ ተከራይታ ነበር። ባለወፍጮው ጥር ላይ ልጁን ሊድር ስለሆነ "ለሙሽሮቹ ልቀቂልኝ" አላት። የቆሎ ገቢዋ የሚችለው ሌላ ክራይ ጠፋ። የቀራት የቀበሌ ቤት ነው፤ እሱም ካልተሳካ መውደቂያዋ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ቤቱን ለማግኘት ደግሞ ኮሚቴ መጥቶ ችግሯን በዐይኑ ማየት አለበት።

"ቅዳሜ ኮሚቴ ይመጣብኛል" ብላ ስትጨነቅ ጎረቤቱ ሁሉ ተነሣ። በባዶ ቤት እንግዳ መቀበል ነውር ነዋ! ባለሱቋ ከሪማ አዲስ ምንጣፍ ጠቅልላ አመጣች። አመተ ሥላሴ ባሏ አቶ አበረ ማልደው ሲወጡላት ሶፋዋን በጋሪ አስጭና ላከች። ሰዎቹ የሚመጡት ድህነት ሊያዩ ነው ብሎ ያሰበ አንድም ሰው የለም። ያናድዳል እኮ!

ኮሚቴው ገባ። አንድ አባል ስለታመመ በእሱ ቦታ የመጡት አቶ አበረ ራሳቸው ነበሩ። ሰውነት የሚባለው ሰብሳቢ ቤቱን ገረመመና፣

"ወይዘሮ ፈንታዬ፣ ይህን የመሰለ ሳሎን እያለዎት ነው የቸገረዎት? እንዲህ ያለ ሶፋ እኔም የለኝ። ለባሰበት ይለፍ" አለ።

ፈንታዬ የሠራችው ሥራ የገባት ያኔ ነው። እንባዋ መጣ። "ተውሼ ነው" ማለት ደግሞ በእንግዳ ፊት ሞት ሆነባት።

አቶ አበረ ሶፋው ተመችቷቸዋል። እጃቸው እንደ ልማዱ በመደገፊያው ቀዳዳ ገባና ከጠፋ የሰነበተ መነጽራቸውን ይዞ ወጣ። መነጽሩን አደረጉ። ሶፋውን አዩ፤ ፈንታዬን አዩ።

"ይህ ሶፋ የእኔ ነው" አሉ።

"ምንጣፉስ?" አለ ሰውነት።

"የከሪማ ነው" አለ ሌላው አባል። "ትናንት ሽጭልኝ ብያት ከልክላኛለች።"

"ታዲያ የእርስዎ የቱ ነው?"

ፈንታዬ ዞር ዞር ብላ ፈለገች።

"እንግዶቹ" አለች።

ሰውነት ሳቁ አመለጠው። ያቀረበችለትን ቆሎ እየቆረጠመ ስሟን ከቤት ጠባቂዎቹ ዝርዝር ፊት አስገባላት።

ሠርጉ ሳይደርስ አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ተሰጣትና ለምርቃቱ ኮሚቴውን ጠራች። አቶ አበረ ጋቢያቸውን ሊወስዱ ወደ ቤታቸው ቢገቡ ሳሎኑ ባዶ ነው፤ ሶፋው ቀድሟቸው ሄዷል። መነጽራቸውን አድርገው ተከተሉት።